ኦን ቲን እግሯን ያገኘችበት የዋሶ ወር

ባለቤቴ ኦን ቲን ካረፈች ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። የወሰዳት በሽታ እዚህ ከምጽፈው ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ አላነሣውም። የምጽፈው ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ሰውነቷ ከድቷት ሳለ እንዴት አድርጋ እንደመለሰችው ነው። ሰፈራችን ማንደሌ ከተማ ውስጥ፣ ነሐስ አቅልጠው የቡድሃ ሐውልት ከሚሠሩት ሰዎች ጀርባ ነው። ያን ዓመት ያዩ ጎረቤቶች አሁንም አሉ፤ ብሳሳት ያርሙኛል።

ኦን ቲን ቅል ጠባሽ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ለጋውን ቅል በጣት ልክ ቆርጣ፣ በሩዝ ሊጥ ነክራ ዘይት ውስጥ ትጥለዋለች። በኮምጣጣው የሁመር መረቅ እያጠቀሰ የማይበላ የመንገዳችን ሰው አልነበረም። እኔ እዚያው ዳስ ሥር ብስክሌት እጠግናለሁ። የእሷ ዘይትና የእኔ ግራሶ ተባብረው አንድ ቤት አቆሙ።

ከቀትር በኋላ ግን ድስቷን ከድና፣ ሱሪዋን ለብሳ ወደ ገዳሙ ግቢ ትሄዳለች። ቺንሎን ልትጫወት ነው። የቺንሎን ኳስ ከሐረግ የተጎነጎነች፣ ውስጧ ባዶ የሆነ፣ ስትመታ ጠቅ የምትል ናት። ተጫዋቾቹ ስድስት ናቸው። አምስቱ ክብ ሠርተው በዝግታ እየተራመዱ ኳሷን በእግራቸው ይመግባሉ፤ አንዱ መካከል ገብቶ ይጫወታል። መካከል የሚገባው ወንድ ከሆነ ልዑል፣ ሴት ከሆነች ልዕልት ትባላለች። ተቃራኒ ቡድን የለም፤ ጎል የለም፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ ኳሷ መሬት እንዳትነካ፣ ሳትነካም እንድታምር። ከወደቀች ማንም ማንንም አይወቅስም፤ አንሥቶ እንደገና መጀመር ነው።

ኦን ቲን የሰፈራችን ቡድን ልዕልት ነበረች። ሰው የሚያወራላት አንድ ምት ነበራት። ኳሷ ከጀርባዋ ስትወርድ ዘወር ብላ አታይም። ጉልበቷን አጥፋ፣ ውስጥ እግሯን ወደ ኋላ ገልብጣ ትመታትና በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ወደ ፊቷ ታመጣታለች። አሰልጣኛችን ኡ ታን ማውን ቅጠል ሲያላምጡ የኖሩ፣ ጥርሳቸው የቀላ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው አያመሰግኑም። እሷን ግን አንድ ቀን፣ “ሌላው ሰው ዓይኑ ግንባሩ ላይ ነው፤ የዚች ልጅ ተረከዟ ላይ ነው” አሉ።

በዚያ ዓመት የአዲስ ዓመት ውሃ መራጨት ካለፈ በኋላ ኦን ቲን የበላችው ዶሮ አልስማማት ብሎ ሆዷን ክፉኛ አመማት። ተሻላት፤ ረሳነው። ከዚያ አንድ ማለዳ ቅል እየጠበሰች፣ “ኮ ሶ፣ የእግሬ አውራ ጣት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል፤ እስቲ እይልኝ” አለችኝ። አየሁ፤ ጉንዳን የለም።

ከቀትር በኋላ ልምምድ ላይ ኳሷ በተደጋጋሚ ከእግሯ ወደቀች። ከመጋቢዎቹ አንዱ፣ ወፍራሙና ቀልደኛው ፖ ቶ፣ ዝም ብሎ አያልፍም። እሷን እንደ አገራችን ወግ “ማ” እያለ በአክብሮት ይጠራታል።

“ማ ኦን ቲን፣ እግርሽን ገበያ ሸጥሽው እንዴ?”

“ብሸጠው አንተ ትገዛው ነበር። የራስህንማ ካየኸው ስንት ዓመትህ፤ ሆድህ ከልሎታል።”

ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ወደ ቤት ስትመለስ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ነበር። መውለቁን አላወቀችም።

አማቴ ዳው ሰይን ነገሩን ሲሰሙ አልዘገዩም። “ላብሽ ሳይደርቅ ጸጉርሽን ታጥበሻል። ንፋስ ነው የገባሽ” አሉ። እኛ ዘንድ ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ለአራስ ሴት እንደሚደረገው ጡብ እሳት ውስጥ ይግላል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ከእግር ሥር ይገባል። አማቴ ጡቡን አግለው አመጡ። እኔ ግቢ ውስጥ ጎማ እየለጠፍኩ ንግግራቸውን እሰማ ነበር።

“ሞቀሽ?”

“ኧረ እማዬ፣ ምንም አይሰማኝም።”

“እንግዲያው ጡቡ አልጋለም ማለት ነው። አምጪው።”

ወሰዱት፤ እንደገና እሳት ውስጥ ከተቱት፤ ይበልጥ አግለው፣ ጨርቁንም አንድ ድርብ ብቻ አድርገው መለሱት። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር ሲቃጠል ሸተተኝ። የቅሉ ዘይት መስሎኝ ድስቱን አየሁ፤ ቀዝቅዟል። ሮጬ ገባሁ። ኦን ቲን እግሯን ጡቡ ላይ እንደጫነች፣ ከእናቷ ጋር ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራች ትስቅ ነበር። እግሯን ሳነሣው የተረከዟ ቆዳ ከጨርቁ ጋር ተላቀቀ። እሷ የደነገጠችው የእኛን ፊት አይታ ነው።

አማቴ ከዚያ ቀን ጀምረው የልጃቸውን እግር መንካት ተዉ።

በማግስቱ መቆም አቃታት። ጎኑ ላይ መቀመጫ ባለው ብስክሌት አድርጌ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ያየቻት ዶክተር ኑ ዪን ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ ሴት ናት። በትንሽ የጎማ መዶሻ የኦን ቲንን ጉልበት ከሥሩ መታ አደረገች። እግሩ ዝም። ሌላውን መታች። ዝም።

“ስመታው እግርሽ ብድግ ማለት ነበረበት” አለች። “ለዚህ አንጎልሽ እንኳ አይጠየቅም። ወሬው ከጉልበትሽ ተነሥቶ ጀርባሽ ውስጥ እስካለው ኅብለ ሰረሰር ይሄዳል፤ ትእዛዙ ከዚያው ይመለሳል።”

“የሰፈር ሹም የሚጨርሰው ጉዳይ ነዋ” አልኩ፤ ሳልፈራ አልቀረሁም፤ ስፈራ አፌ ይፈታል።

“እንደሱ ነው። አሁን ግን ወሬ አድራሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሥራህ ምንድን ነው?”

“ብስክሌት እጠግናለሁ።”

“የፍሬን ሽቦ ሽፋኑ ቢላጥ ምን ይሆናል?”

“ይዝጋል፤ ይነክሳል። መያዣውን ቢጨብጡት ጎማው ዘግይቶ ይሰማል። ብሎ ብሎ ጭራሽ አይሰማም።”

“ነርቭም ሽፋን አለው። ወሬ ከቆዳ ወደ አንጎል፣ ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚከንፈው ሽፋኑ ደህና ሲሆን ነው።” ወደ ኦን ቲን ዞረች። “ሆድሽን ያመመሽን ተውሳክ የሰውነትሽ ወታደሮች ተዋግተው አባረሩት። ነገር ግን የነርቭሽ ሽፋን የዚያን ጠላት ልብስ የለበሰ መሰላቸው። አሁን እሱን እየወጉ ነው።”

“የራሴ ወታደሮች?” አለች ኦን ቲን።

“የራስሽ።”

“ታዲያ ለምን ከእግሬ ጀመሩ? ሌላ ሥጋ የለኝም?”

“ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች ረጃጅሞቹ ናቸው። ረጅም መንገድ ብዙ የሚበላሽ ቦታ አለው።”

“ወደ ላይ ይወጣል?” አልኩ።

ዶክተሯ አልዋሸችኝም። “ሊወጣ ይችላል” አለች።

ወጣ። ጉልበቷን፣ ወገቧን፣ እጆቿን ወሰደ። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ፤ ደረቷ መነሣት ሰነፈ። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ አስገብተው በመሣሪያ አስተነፈሷት። ልቧ ሳይቀር ያለ ምክንያት ይጋልባል፤ መልሶ ይፈዛል። ልብን፣ ሆድን፣ የደም ግፊትን እኛን ሳይጠይቁ የሚያስተዳድሩ ነርቮች አሉ፤ እነሱም ታውከዋል አለችን ዶክተሯ። “አንጎሏ ግን አልተነካም። ሁሉን ትሰማለች። እሷ የሌለች ይመስል አጠገቧ እንዳታወሩ።”

ሰውነቷ ሁሉ ተኝቶ የቀረላት የዓይኗ ቆብ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ስትጨፍን አዎ፣ ሁለት ጊዜ ስትጨፍን አይደለም ብለን ተስማማን።

“ደከመሽ?” እላለሁ። ሁለቴ ትጨፍናለች።

“ላውራልሽ?” አንዴ።

ስለ ብስክሌት፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብ አወራለሁ፣ አወራለሁ። “ዝም ልበል?” አንዴ፤ ያውም ጠበቅ አድርጋ።

ፊደል እየቆጠርኩላት ዓይኗን በምትጨፍንበት እያስቆመችኝ ቃል መሥራትም ለመድን። መጀመሪያ የሠራችውን አስታውሳለሁ፤ ረጅም ቀን ፈጅቶብናል። “እግሬ ታጥፏል ወይስ ተዘርግቷል?” የሚል ነበር። አንሶላውን ገልጬ አየሁ። ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። ነገርኳት። ሁለቴ ጨፈነች፤ አይደለም። እሷ የታጠፉ መስሏት፣ ዘርጋልኝ ልትለኝ ነበር የደከመችው። ያን ዕለት በሽታው የወሰደባት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ጉልበት ብቻ አይደለም። እግሯ የት እንዳለ ለእሷ የሚነግራት ጠፍቷል።

ፖ ቶ በየሳምንቱ እየመጣ ከአልጋዋ ግርጌ ይቆማል። “ማ ኦን ቲን፣ ልዕልት ስላጣን እኔን መካከል አስገቡኝ። ሕዝቡ ኳሱ የቱ ነው እያለ ይጠይቃል።” ፊቷ አልተንቀሳቀሰም፤ መሳቅ አይችልም። ነገር ግን የልብ ምቷን የሚቆጥረው መሣሪያ ይጮህ ጀመር፤ ነርሷ እየሮጠች መጣች። “ምን አደረጋችኋት?” አለች። “ቀለድኩባት” አለ ፖ ቶ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው። ነርሷ መሣሪያውን አየች፣ ኦን ቲንን አየች፣ “እሺ፤ ግን ቀስ እያልክ ቀልድ” ብላ ሄደች።

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገብቶ ወታደሮቹን አስታገሰ። ከዚያ በኋላ ሥራው የትዕግሥት ሆነ። በሽታው ከታች ወደ ላይ እንደወጣ፣ ሲለቅ ከላይ ወደ ታች ለቀቀ። መጀመሪያ ትንፋሿን መለሰ። ቱቦው በወጣ ቀን ድምፅዋ እንደ ዝገት ነበር፤ ውሃ አልጠየቀችም።

“ዶክተር፣ እጫወታለሁ?”

“ትራመጃለሽ። ስለ መራመድ ደፍሬ እናገራለሁ። ስለ ኳሱ ቃል አልገባም።” ዶክተሯ እጇን በኦን ቲን ማጅራት ሥር አስገባች። “እዚህ ትልቁ አንጎል ሥር ትንሽ አንጎል አለ። ስንት ዓመት የደከምሽበት ምት ሁሉ ተጠንቶ የተቀመጠው እዚህ ነው። አልተነካም። ሙያሽ አልጠፋም፤ መንገዱ ነው የተበላሸው። መንገዱ እንዴት እንደሚጠገን ደግሞ እኔም አንቺም አናዘውም።”

ቤት ስትመለስ ዝናቡ አብቅቶ ነበር። በሁለት ከዘራ፣ ኋላም በአንድ፣ ኋላም ግድግዳ እየተደገፈች ትሄዳለች። ግን አንገቷን ደፍታ፣ እግሯን እያየች ነው የምትሄደው። ቀና ካለች ትንገዳገዳለች። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ከገንቦው ውሃ ቀድታ ራሷ ላይ አፈሰሰች። ውሃው ፊቷ ላይ ሲወርድ ዓይኗን ጨፈነች፤ በጨፈነችበት ቅጽበት እንደ ተቆረጠ የሙዝ ግንድ ተዘረረች። ሳነሣት አላለቀሰችም።

“አየህ ኮ ሶ፣ ዓይኔ ነው የቆመው እንጂ እግሬ አልቆመም” አለች።

ጥብሱንም ጀመረች፤ ተቀምጣ። አማቴ ከሩቅ ሆነው ቅል ይከትፉላታል፤ ወደ እግሯ አይጠጉም። ቀዝቃዛው ወቅት ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ዳሱ ሥር ሰንሰለት እያጠብኩ ሳለ ኦን ቲን ጮኸች። የያዝኩትን ጥዬ ዞርኩ። ዘይት ተፈናጥሮ እግሯ ላይ አርፏል፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ። ኦን ቲን እግሯን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ትጮኻለች።

“አመመኝ! ኮ ሶ፣ አመመኝ! እማዬ፣ ነይ እይ፣ አቃጠለኝ!”

ቅል ሊገዙ የቆሙት ሰዎች ግራ ገባቸው። አንዲት ሴትዮ፣ “ታዲያ ምን ያስቃታል?” አለች። አማቴ ቢላዋቸውን ጥለው መጡ፤ መሬት ተቀመጡ፤ ያን እግር ካቃጠሉት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። በጣታቸው ነጥቡን ነካ አደረጉ።

“ኧረ ተይ እማዬ፣ ያማል!”

“ያማል?” አሉ አማቴ፤ ደግመውም ነኩት።

“ያማል አልኩሽ እኮ!”

“ተመስገን” ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ያን ዕለት የቀረውን ቅል ለመንገደኛ ሁሉ በነጻ አደሉት።

ከዚህ በኋላ አማቴ የሚበቃ መስሏቸው ነበር። ኦን ቲን ሱሪዋን ከሣጥን ስታወጣ ሲያዩ በር ላይ ቆሙ።

“መተንፈስ ሰጡሽ፤ መራመድ ሰጡሽ። አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?”

“እማዬ፣ እግሬን እያየሁ መሄድን መሄድ አትበይው። እንደ ጠፋ መርፌ ፈላጊ አጎንብሼ ልኑር?”

“ስንቱ አጎንብሶ ይኖራል!”

“ስንቱ ቺንሎን አይችልም” አለች፤ በእናቷ ብብት ሥር ሾልካ ወጣች።

ገዳሙ ግቢ ስትደርስ ቡድኑ ክብ ሠርቶ ይሄዳል፤ መካከል ዪን ኑ የምትባል፣ ስሟ የዶክተሯ ስም ግልባጭ የሆነ ቀልጣፋ ሴት የልዕልቷን ቦታ ይዛለች። የዋሶ ወር በዓል እየቀረበ ነበር። በዋሶ ከአገሩ ሁሉ ቡድኖች ወደ ማንደሌ ይመጣሉ፤ ትልቁ መቅደስ አጠገብ ባለው ዳስ ሙዚቃ እየተመታ ሕዝብ ፊት ይጫወታሉ። ኦን ቲን እጆቿን አጋጥማ ኡ ታን ማውንን ተሳለመች።

“መምህር፣ በዋሶ መካከል መግባት እፈልጋለሁ።”

ሽማግሌው ቅጠላቸውን አላምጠው ተፉ።

“ልዕልት በሐዘኔታ አትሾምም። ሰው አዝኖልሽ ቢያጨበጭብልሽ ደስ ይልሻል?”

“አይለኝም።”

“ያቺን የኋላ ምት ሳታዪ አሳዪኝ። ያሳየሽኝ ቀን ትገቢያለሽ። እስከዚያ ከመጋቢዎቹ ጋር ተራመጂ።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እሷ ሄዳ ከፖ ቶ ቀጥሎ ቆመች። ክቡ የገባበትን ሰው እንዴት እንደሚሸከም ያየሁት ያኔ ነው። ማንም ምንም ሳይባል ኳሷን ለእሷ ጉልበት ላይ ብቻ ይልኩላት ጀመር፤ ጉልበት ለዓይን ቅርብ ነው። ጉልበቷ ሲለምድ ወደ ውስጥ እግሯ አወረዱት። ያም ሲለምድ ወደ ጎን። ስትወድቅባት አንሥተው ይጀምራሉ፤ ስትወድቅባት አንሥተው ይጀምራሉ። ፖ ቶ ብቻ ነው አፉ የማያርፍ።

“ማ ኦን ቲን፣ ወደ እኔ መልሺ! ዒላማው እንደሆነ ሰፊ ነው!”

“ስፋቱን አይቼማ ነው የፈራሁት፤ ኳሷ ገብታ እንዳትቀርብን!”

የኋላው ምት ግን እንቢ አለ። ኳሷን ካየች እግሯ ያለ ቦታው ይነሣል፤ እግሯን ካየች ኳሷ ማጅራቷን ትመታታለች። ኡ ታን ማውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ክትትል በሄድን ቀን ዶክተር ኑ ዪን ዓይኗን አስጨፍና አቆመቻት። ተወዛወዘች፤ ግን አልወደቀችም።

“ወሬው እየደረሰ ነው” አለች ዶክተሯ። “ድምፁ ቀጭን ነው እንጂ ይደርሳል። ችግሩ አንቺ በር ላይ ቆመሽ እያንዳንዱን መልእክተኛ ከየት መጣህ እያልሽ ትመረምሪያለሽ። ድሮ እንዲህ ታደርጊ ነበር?”

“ድሮ እግር እንዳለኝ እንኳ ትዝ አይለኝም ነበር።”

“እንግዲያው እንደገና እርሽው።”

“እንዴት ተደርጎ ነው የሚረሳው?” ብትላት፣ ዶክተሯ ሳቀችና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፈችላት።

ዋሶ ደረሰ፤ ምቱ አልደረሰም። የበዓሉ ዕለት ኦን ቲን ከመጋቢዎቹ እንደ አንዷ ሆና ገባች። ሕዝቡ ዙሪያውን እንጨት መደብ ላይ ተደርድሯል፤ የቆርቆሮውን ጣራ ዝናብ ያንኳኳል። ከበሮውና ጥሩምባው በአንድ ጥግ፣ አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን ይዞ በሌላው። እኔና አማቴ ከኋላ ተቀምጠናል። አማቴ እጃቸውን አጋጥመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

“ይኸው የነሐስ ሰፈር ልጆች ገቡ!” አለ አስተዋዋቂው። “ያ ወፍራሙ ተጫዋች ነው ወይስ የዳሱ ምሰሶ? ተንቀሳቀሰ፤ ምሰሶ አይደለም!” ሕዝቡ ሳቀ፤ ፖ ቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ጀመሩ። ክቡ በዝግታ ይዞራል፤ ዪን ኑ መካከል ታምራለች፤ ሙዚቃው እግሯን ይከተላል። ኦን ቲን የደረሳትን በጉልበት፣ በውስጥ እግር፣ በጎን ትመልሳለች። ጥሩ ነበረች፤ ከዚያ አትበልጥም። ይህም ደስ የሚል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዪን ኑ አንድ ከባድ ምት ሞከረች። ዞራ በተረከዟ መታች፤ ግን ከልክ በላይ ጠነከረ። ኳሷ በኦን ቲን ራስ ላይ አልፋ ከክቡ ውጪ፣ ከጀርባዋ መውረድ ጀመረች። ከመጋቢዎቹ ማንም አይደርስባትም። ከበሮ መቺው የኳስ መውደቅን ሊመታ ዱላውን አንሥቷል።

ኦን ቲን አልዞረችም፤ ለመዞር ጊዜ አልነበረም፤ ለማሰብም ጊዜ አልነበረም። ዓይኗ ዪን ኑ ላይ እንዳለ ጉልበቷ ታጠፈ፣ ቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ጠቅ የሚለውን ድምፅ ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ኳሷ በትከሻዋ ላይ አለፈች፤ ክቡ መካከል ገባች።

ፖ ቶ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን አፉ ተከፍቶም ሆነ ሳይከፈት እግሩ ሥራውን ያውቃል፤ ተቀብሎ አቆያት። ሙዚቃው አንድ ምት ዘለለ። አስተዋዋቂው፣ “ማን አየ? እኔ አይቻለሁ! እሷ ግን አላየችም! ሰዎች፣ ይህች ሴት አላየችም!” ብሎ ጮኸ።

ወደ ኡ ታን ማውን አየሁ። ከከበሮው ጎን ተቀምጠዋል። ቅጠላቸውን ተፉ፤ አፋቸውን ጠረጉ፤ በአገጫቸው ወደ መካከል አመለከቱ።

ኳሷ አልወደቀችም፤ ስለዚህ ጨዋታው አልቆመም። ዪን ኑ ኳሷን እያቆየች እየተራመደች ወደ ክቡ ጠርዝ መጣች፤ በእጆቿ የእንኳን ደህና መጣሽ ሰላምታ ሰጠቻትና የኦን ቲንን ቦታ ያዘች። ኦን ቲን መካከል ገባች። ጥሩምባው ዜማውን ለወጠ። ለልዕልት የሚነፋውን ነፋ።

መጀመሪያ በጉልበት ተቀበለች። ከዚያ በጎን፤ ከዚያ በእግሯ ጫፍ። አንገቷ ቀና ብሏል፤ አገጯ ወደ ላይ ነው። ስንት ወር ያላየሁት አንገት ነበር። ፖ ቶ ከፍ አድርጎ መገባት፤ ሆን ብሎ ወደ ጀርባዋ፤ ያ ቀልደኛ ያን ጊዜ አልቀለደም። እግሯ ወደ ኋላ ሄደ፣ አገኛት፣ በትከሻዋ ላይ አመጣት። ሌላው መገበ፤ ደገመችው። በግራ እግሯ ደገመችው። የተቃጠለው ተረከዝ የግራው ነበር።

“ልጄ ናት!” የሚል ጩኸት አጠገቤ ሰማሁ። አማቴ መደቡ ላይ ቆመዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደወጡ አላውቅም። “ልጄ ናት! የእኔ ልጅ ናት! ያቃጠልኳትም እኔ ነኝ፣ የወለድኳትም እኔ ነኝ!” የሚያውቁት ሳቁ፤ የማያውቁት አጨበጨቡ። አስተዋዋቂው የምቶቹን ስም መጥራት ትቶ፣ “ኧረ! ኧረ! ኧረ!” ብቻ ይላል።

ኳሷ መቼ እንደወደቀች አላውቅም። አጭር ሰው ነኝ፤ ከፊቴ ያለው ሕዝብ ሁሉ ተነሥቶ ነበር።